ዕቃ ባደረበት ይቆጠራል

ጥሩአየር ያላት ዕቃ አርባ ሦስት ነው። ይህን ለማወቅ ከእሷ ጋር ሦስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል፤ ባይጠይቋትም ትናገራለች።

ሁልጊዜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወለሉ መሀል ቆማ ትቆጥራለች። አንድ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ማንኪያው ወጥ ያማስላል፣ ብሎን ይፈታል፣ ጫማ ያስገባል። ካልሲ የላትም። በ2071 የወጣው መመሪያ አንድ ጥንድ ካልሲ ሁለት ዕቃ ነው ብሎ ከወሰነ ወዲህ እግሯን ብርድ ማስለመድ መርጣለች። ጫማ ግን ጥንዱ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ቆጥራ ስትጨርስ ቤቱ ይመልስላታል።

«አርባ ሦስት። ቀላል ቀን ይሁንልሽ፣ ጥሩአየር።»

እንዲህ ያለ ቃል ከእናቷም ከአለቃዋም ሰምታ አታውቅም። አምና አንድ ወንድ ነበራት፤ ደህና ሰው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጃኬቱን በሩ ኋላ ሰቅሎ ሄደ። ቤቱ «አርባ አራት» አለ። ጃኬቱን በዚያው ሰዓት ላከችለት፤ እሱም ነገሩ ገብቶት ቀረ። ሐዘኗ ሁለት ቀን ቆየ። ሐዘን አይቆጠርም።

ቤቱ የጭቃ ነው። ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ላይ የበቀለ ሣር። ቀን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል፣ አንዲት አምፖል እንኳ ያለአግባብ አያበራም። ቅድመ አያቶቿ ከእንዲህ ያለ ቤት ለመውጣት ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ እሷ ለመግባት ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤና የአራት ዓመት ወረፋ አስፈልጓታል።

በቀላል መንደር ለአንድ ቤት የተፈቀደው ዘጠና ዘጠኝ ዕቃ ነው። ከዚያ ያለፈ «ከባድ» ይባልና ወደ ድሮው ኮንዶሚኒየም ይዛወራል። የጥሩአየር ቅድመ አያት ዕጣ እስኪወጣላት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው፣ የወጣላት ቀንም ሰፈሩ በእልልታ የተናወጠበት ያው የሲሚንቶ ፎቅ ነው። ዛሬ ልጅ ሲያስቸግር «ኮንዶሚኒየም ነው የምወስድህ» ይባላል፤ ልጁም ዝም ይላል።

ከአርባ ሦስት ያልበለጠ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ «ላባ» ነው። በሩ ላይ ነጭ ላባ ይበራለታል። በሰባተኛው ግቢ ካሉት አሥራ ስድስት ቤቶች ላባ የሚበራበት የጥሩአየር በር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የግቢው ቆጣሪ ሆና ተመርጣለች፤ በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ ስለ ማቅለል ታሠለጥናለች። «ለአንድ ሰው አንድ ወንበር ይበቃዋል» ትልና ወንበሩን ከፍ አድርጋ ታሳያለች።

ወንበሩ የእማማ ሶልያና ነው።

እማማ ሶልያና ከግቢው በር አጠገብ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ዕቃ የመያዝና የማዋስ ልማዳቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ካውያ የፈለገ፣ ጃንጥላ የፈለገ፣ መዶሻ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ መሰላል የፈለገ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። የሰፈሩ እድር ከስምንት ዓመት በፊት ሲፈርስ፣ ድስቶቹና ሳህኖቹ የሚቆጠሩበት ቤት ስላልነበራቸው እሳቸው ጋ ገቡ፤ «ለጊዜው» ተብሎ።

የመንደሩ ደንብ «ዕቃ ባደረበት ይቆጠራል» ይላል። ስለዚህ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የግቢው ሰው ሁሉ የዋለበትን ዕቃ ይዞ ወደ እማማ ሶልያና በር ይጎርፋል። አንዱ መጥበሻ፣ አንዱ መቀስ፣ አንዱ የሕፃን አልጋ ተሸክሞ። የሕፃን አልጋ የሚመልሱት ልጁን ከላዩ አንሥተው ነው፤ ልጁ መሬት ይተኛል፤ ለወገብ ጥሩ ነው ይባላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቶቹ የየራሳቸውን ቆጥረው ነዋሪውን ያመሰግናሉ። ጥሩአየርም ካውያውን መልሳ ትገባና ቤቷ ሲያመሰግናት ትሰማለች። ነገሩን አንድም ቀን አስባበት አታውቅም። አስተማሪ ናት፤ የሚያስቡት ሠልጣኞቹ ናቸው።

ከእሷ በፊት የነበሩት ቆጣሪ ጋሽ ናቲ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእማማ ሶልያናን ቤት የቆጠሩት በሩ ላይ ቆመው ሲሆን፣ በየዓመቱ ዘጠና ዘጠኝ ይሞላ ነበር። ጥሩአየር ውሸት ጊዜ ይፈጃል ብላ የምታምን ሰው ናት። በሚያዝያ ወር ዓመታዊው ቆጠራ ሲደርስ በሩን አንኳኩታ ገባች።

«እማማ፣ ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ግቢ፣ ቁጭ በይ። ናቲ እኮ ከደጅ ነበር የሚቆጥረው።»

«ዐይናቸው ደክሞ ይሆናል።»

«ዐይኑስ ደህና ነው። አፍሮ ነው። ሊቆጥር ሲመጣ የለበሰው ሱሪ በኔ ካውያ የተተኮሰ ነበር።»

ቆጠራው ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀ። መሀል ላይ የአሥራ አንድ ቁጥር ቤቷ ረድኤት ሕፃኗን አዝላ ብቅ አለች።

«እማማ፣ ሙቀጫውን ለአንድ ሰዓት?»

«ቆጣሪዋን ጠይቂ፤ በእጇ ነው።»

ጥሩአየር ሙቀጫውን ዘንዘናውን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ ቆጥራ አቀበለቻት። ረድኤት ሁለት መሆኑን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች፤ ይዛ ግን ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ሲመሽ ጥሩአየር ቀና አለች።

«ስንት ሆነ?» አሉ እማማ ሶልያና።

«ስድስት መቶ አሥራ አንድ።»

«ይበዛል?»

«የሚፈቀደው ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ እማማ።»

«አንቺስ ስንት ነሽ?»

«አርባ ሦስት» አለች፤ ይህን ስትል ትከሻዋ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል።

«ካውያውን ጨምሮ?»

«ካውያው የእርስዎ ነው።»

«ጃንጥላውስ?»

«የእርስዎ።»

«መዶሻውስ? ጉንፋን ይዞሽ የታጠንሽበት ባልዲስ? ያን ቀን የደረብሽው ብርድ ልብስስ?»

«ሁሉም የእርስዎ ነው፣ እማማ።»

«ጉድ ፈላ!» አሉ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው። «ይህን ያህል ሀብታም መሆኔን ማንም አልነገረኝም።»

ጥሩአየር ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለመለየት ጊዜ አልነበራትም። መዳፏ ላይ አሰላችው። ትርፉ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ለአሥራ አምስቱ ቤት ሲካፈል ሠላሳ አራት ሠላሳ አራት ይደርስና ሁለት ይተርፋል። በግቢው ከስልሳ በላይ ዕቃ ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ሁሉም ድርሻውን ቢወስድ ማንም ከባድ አይሆንም፤ እማማ ሶልያናም ከቤታቸው አይወጡም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሌት እምቢ የሚባል አልመሰላትም። ስብሰባ ጠራች።

ስብሰባው የተደረገው በግቢው መሀል፣ በእማማ ሶልያና አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነበር። ጥሩአየር አስረዳች። ሁሉም በጥሞና ሰማ፤ ሐሳቡ ግሩም ነው ተባለ። ከዚያ ጋሽ ናቲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ መቼም በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ምን ያደርግልኛል?»

«ትናንት ጣሪያ ላይ አልነበሩም እንዴ?» አለች ጥሩአየር።

«ትናንትማ ነበርኩ። ስለ ወደፊቱ ነው የማወራው።»

ረድኤት ሙቀጫ ድምፅ ያበዛል፣ ሕፃን ያስደነግጣል አለች። አንዲት ሴትዮ ባለቤቴ አይፈቅድም አሉ፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው የገዛ ጫማቸውን ያዩ ነበር። የሳህኖቹ ነገር ሲነሣ ደግሞ የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ሆነ፤ የእድር ሳህን ወደ ቤት ማስገባት ሞት መጥራት ነው።

እማማ ሶልያና ወደ ጥሩአየር ዞሩ።

«አንቺስ፣ ልጄ? ሠላሳ አራቱን ትወስጃለሽ?»

ሰው ሁሉ አያት። አርባ ሦስትና ሠላሳ አራት ሰባ ሰባት ነው። ሰባ ሰባት ሕጋዊ ነው፤ ማንም አይነካትም። ቤቷም፣ ሥራዋም፣ የጣሪያዋ ሣርም በቦታቸው ይቆያሉ። ከበሯ ላይ የምትጠፋው ላባዋ ብቻ ናት።

«እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ እማማ» አለች። «ቆጣሪ ከቆጠረው ንብረት ላይ ድርሻ ቢወስድ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል።»

ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ለዚህ ዓረፍተ ነገር ነበር ማለት ነው። ተሰብሳቢው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል እሰማ ነበር» አሉ እማማ ሶልያና ከአግዳሚው እየተነሡ። «እናንተ ግን ደምቃችኋል።»

ጥሩአየር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ብላ ፈረመች።

እማማ ሶልያና በተዛወሩበት ቀን የግቢው ሰው ያሳየው ትብብር ለሌላ ግቢ ምሳሌ የሚሆን ነበር። ጋሽ ናቲ ሣጥን ተሸከሙ፤ ረድኤት ልጇን አውርዳ ድስት አዘለች። ሁሉም እየተቀባበለ ጫነና መኪናው ሲሞላ ሹፌሩ ገመድ ጠየቀ። አሥራ አምስት ቤት እርስ በርሱ ተያየ።

«ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ አለ» አሉ እማማ ሶልያና።

ሣጥኑ ወረደ፣ ገመዱ ወጣ፣ ዕቃቸው በገዛ ገመዳቸው ታሰረ። መሰላሉን ወደ መኪናው አናት ያወጣችው ጥሩአየር ራሷ ናት። አሮጊቷ ጋቢና ገብተው በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ፤ ግቢውም አወዛወዘላቸው። ስንብቱ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ጥሩአየር በሰዓቱ በማለቁ ደስ ብሏት ነበር፤ ይህንም አትክድም።

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እጁ ባዶ ነው፤ እግሩ ግን ልማዱን አልረሳም። የተዘጋውን በር ለጥቂት ጊዜ ከበው ቆሙ። ከዚያ አንዱ ስለ አየሩ አንድ ነገር አለና ተበተኑ።

በሳምንቱ የግቢው ልብስ ሁሉ ተጨማደደ። ረድኤት ነጭ ሽንኩርት በጫማዋ ተረከዝ ትወቅጥ ጀመር። ቅዳሜ ጥሩአየር አዳራሹ መድረክ ላይ ቆማ «ለአንድ ሰው አንድ ወንበር ይበቃዋል» አለችና እጇን ዘረጋች፤ ወንበር የለም። «ወንበሩን በሐሳባችሁ ተመልከቱት» አለች። ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። ከእንግዲህ ወንበርም አያስፈልግም የሚል አዲስ ደረጃ የደረሱ መስሏቸው ነበር፤ ሁለቱ በማግሥቱ የራሳቸውን ወንበር አስረከቡ።

ከዚያ ሰኔ ገባ።

የጭቃ ቤት በየዓመቱ ግንቦት ላይ መመረግ አለበት። ስለ አካባቢ ተስማሚ ቤቶች መቶ አርባ ገጽ የጻፈችው ጥሩአየር ይህን አታጣውም፤ ገጽ ዘጠና ሁለት ላይ አለ። ለመምረግ ግን መሰላል፣ ባልዲና የጭቃ መለጠፊያ ማንካ ያስፈልጋል፤ ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። በየዓመቱ ከእማማ ሶልያና ቤት ይመጡ ስለነበር እንደ ዝናቡ ከተፈጥሮ የሚገኙ መስሏታል። ዘንድሮ ግንቦት ግቢው አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ አለፈ። የሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ የምሥራቁን ማዕዘን ከላይ ጀምሮ በላው።

«አርባ ሦስት» አለ ቤቱ ጠዋት። «ቤትሽ ከትናንት ይልቅ በአሥራ ሁለት ኪሎ ቀልሏል። እንኳን ደስ ያለሽ።»

አሥራ ሁለቱ ኪሎ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀለለ፤ ቤቱም በድጋሚ ደስ አለው። ቀርከሃው እንደ ጎድን አጥንት ብቅ አለ። ጥሩአየር ድስቷን ደፍታ ላዩ ላይ ቆመችና እጇን ወደ ማዕዘኑ ዘረጋች። ሁለት ክንድ ያህል ይቀራታል። ድስቱ ተንሸራተተ፤ እሷም ቀለለች። ክርኗን የምታሽበት በረዶ እንኳ አልነበራትም፤ በረዶ መያዣ ዕቃ ነው። ማዕዘኑ ከወደቀ ጣሪያው ይከተላል፤ ጣሪያው ከተከተለ ቤት የለም። አውቶቡስ ይዛ ወደ ድሮው ኮንዶሚኒየም ሄደች።

የእማማ ሶልያና ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወረፋው ግን የሚጀምረው ከምድር ነበር። የተሰለፉት ቀላል ሰዎች ናቸው፤ ከሩቅ ይለያሉ። ልብሳቸው የተጨማደደ፣ ፀጉራቸው ዝናብ የመታው፣ እግራቸው ካልሲ የሌለው። ከሌላ ግቢ፣ ከሌላ መንደር ሁሉ የመጡ ነበሩ። ከሠልጣኞቿ ሁለቱ ሲያዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እሷም ለሥነ ሥርዓት ያህል ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞረች። ከፊቷ አምስት ሰው አልፎ ጋሽ ናቲ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። እሳቸውም የደረጃውን ሲሚንቶ በጥሞና ያጠኑ ነበር።

ከላይ የሚወርደው ሰው አብዛኛው እጁ ባዶ ነው።

«ክፉ ሆነዋል» አለች አንዷ እያለፈች። «ከዚህ በፊት እንዲህ አልነበሩም።»

«ሰው ሲያረጅ ይሰስታል» አለ ሌላው።

ጋሽ ናቲ ገብተው ሲወጡ ጥሩአየርን እንዳላዩ ሆነው በፍጥነት ወረዱ። ተራዋ ደረሰ።

እማማ ሶልያና በዕቃዎቻቸው መሀል ተቀምጠዋል። የሲሚንቶ ቤት ለጤና አይሆንም እየተባለ ሲነገር ኖሮ ፊታቸው ወዛ ብሏል።

«ጥሩዬ! ግቢ እንጂ። ልትቆጥሪኝ ነው?»

«መሰላል ፈልጌ ነው፣ እማማ። ለግማሽ ቀን ብቻ። ሳይመሽ እመልሳለሁ።»

«ማዋስ ትቻለሁ።»

«እንዴት ተዉ?»

«ደከመኛ። አርባ ዓመት ሳውስ ኖርኩ፤ አሁን መስጠት ነው የጀመርኩት። የወሰደ ወሰደ፤ ወደዚህ መመለስ የለም። ይዘሽው ስትወጪ ያንቺ ነው፤ አንቺ ቤት ያድራል።»

«የኔ ከሆነማ አርባ አራት መሆኔ ነው።»

«መሆንሽ ነዋ።»

ጥሩአየር አርባ ሦስቱን በልቧ ገለበጠቻቸው። ማንኪያውን ብታስረክብ ብሎኑን በምን ትፈታለች? ድስቱን? ጫማውን? እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ሥራ ስለያዘ አንዱን መጣል ሦስት ሰው እንደ ማባረር ነበር። አንድ ሰው ስታባርር ደግሞ የሆነውን አይታለች።

«እማማ፣ ስላለፈው ነገር ይቅርታ ልጠይቅዎ…»

«እሱን ሌላ ቀን ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ። አሁን ከኋላሽ ሰው ቆሟል። ትወስጃለሽ፣ አትወስጂም?»

ወሰደች።

የአውቶቡሱ ሹፌር በሩን ሳይከፍት በመስኮት አያት። «እኅቴ፣ ይሄ የቀላል አውቶቡስ ነው» አለና ሄደ። መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዘች። መሰላል ተሸክሞ መታጠፍ ቀርቶ ዞር ብሎ ማየት እንኳ እንዴት ከባድ እንደሆነ የተረዳችው ያን ቀን ነው፤ አንድ የጎዳና ምሰሶና አንድ ሰላማዊ ሰው መታለች። አንዲት አሮጊት ቆመው «መሰላል! እናቴ ነበራት» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ጥሩአየር ትከሻዋ ስለተላጠ አብራ ለማዘን አልተመቻትም። አደባባዩ ጋ አንድ ሰው ሮጦ ደረሰባት።

«እኅት፣ ለአንድ ሰዓት ታውሺኛለሽ?»

«አላውስም» አለች፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

ደጃፏ ስትደርስ ገና ሙሉ በሙሉ አልገባችም ነበር።

«አርባ አራት» አለ ቤቱ፤ መሰላሉ የሚመለስበት ስለሌለው ማታን አልጠበቀም። ቀላል ቀን አልተመኘላትም። በሩ ላይ የነበረችው ነጭ ላባ ጠፋች፤ ስትጠፋ ትንሽ ድምፅ እንኳ ቢኖራት ጥሩ ነበር። ከየመስኮቱ የሚያይ ሰው እንዳለ ታውቅ ነበር። አላየችም። ከወደቀው ጭቃ ላይ አፍሳ በጭድ ለወሰችው፣ ድስቷን ሞላች፣ መሰላሉን ማዕዘኑ ላይ አስደግፋ ወጣች።

ከላይ ሆኖ ሲታይ ጉዳቱ ከምድር ከሚታየው ይበልጣል። በእጇ ዘግና ለጠፈች፤ ጭቃው ግድግዳውን ትቶ በእጅጌዋ በኩል ወደ ብብቷ ገባ። እንደገና ለጠፈች፤ ይህኛው በአገጯ በኩል ወረደ። ባልተማረ እጅ የተለጠፈ ጭቃ ለመቶ አርባ ገጽ ጽሑፍ ክብር የለውም። ደመናው ከእንጦጦ በኩል እየጠቆረ ነበር።

«ጥሩዬ።»

ጋሽ ናቲ መሰላሉ ሥር ቆመዋል። ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ። የኮታቸውን አንድ ቁልፍ ፈቱ፣ ሁለተኛውን ፈቱ፣ ከብብታቸውም እጀታዋ የተላጠ አሮጌ ማንካ መዘዙ።

«ማታ እመልሳታለሁ ብዬ ለምኜ ነበር፤ እሺ አላሉኝም» አሉ በሹክሹክታ። «ብቻ አደራሽን፣ እንዳትቆጥሪያት። ልጅም የለኝ፣ ላባም የለኝ፤ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆጣሪ ነበርኩ።»

ጥሩአየር የጭቃ ፊቷን በጭቃ ክንዷ ጠረገችና ቁልቁል አየቻቸው።

«አንድ ጨመሩ፣ ጋሽ ናቲ» አለችና እጇን ዘረጋች። «ያቀብሉኝ።»